ዶክተር ያልነው ሰው ሐሙስ ሳይመጣ

ቀን፦ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሐብሩ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
መርሳ

ጉዳዩ፦ በቤት ለቤት ሕክምና የነርስን ሥራ አስታማሚ እየሠራው ስለሆነ፣ ከሐሙስ በፊት ባለሙያ እንዲላክልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት አንድ የሚያሳፍረኝን ነገር ልንገርዎትና ይቅለለኝ። አባቴን የሚያስታምመውን ወንዳወቅን አራት ወር ሙሉ «ዶክተር» ስለው ኖሬአለሁ። ማለት ብቻ መች ሆነና! ሰርግ ቤት ሳይቀር «የአባባ ዶክተር» እያልኩ አስተዋውቄዋለሁ፤ የራሴንም ጉሮሮ ከፍቼ አሳይቼዋለሁ። እሱ ግን ዶክተር ነኝ ብሎኝ አያውቅም። በእኛ ሰፈር ነጭ ጋዋን ለብሶ የገባ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ሊረዳ የመጣን ሰው «ወረቀትህን አሳየኝ» ማለት ደግሞ ነውር ነው። ነውሩን ፈርቼ ዝም አልኩ። አሁን የምፈራው ሌላ ነው።

1. አባቴ አቶ አብዱልመሊክ የ74 ዓመት አዛውንት፣ የስኳር ሕመምተኛና የአልጋ ቁራኛ ናቸው። ግራ እግራቸው ላይ ቁስል አለ። መስከረም ላይ ወልድያ ከሆስፒታል ሲወጡ ከአንድ የቤት ለቤት ሕክምና ድርጅት ጋር ተዋዋልን። ውሉ ግልጽ ነው፤ ነርስ ሰኞና ሐሙስ መጥታ ስኳር ትለካለች፣ ቁስሉን ታጥባለች። አስታማሚ በየቀኑ ገላ ያጥባል፣ ያገላብጣል፣ ያበላል። ከዚያ ያለፈውን ሐኪም ያየዋል።

2. ነርሷ ሲስተር ሔዋን እስከ ኅዳር መጣች፤ ከዚያ ቀረች። ድርጅቱ የላከልን ወንዳወቅ «እኔ አለሁ አይደል» ብሎ የእሷንም ሥራ ያዘ። እጁ ለስላሳ፣ ጨዋታ አዋቂ ነው። አባቴ ወደዱት፤ እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተመቸኝ።

3. ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ሔዋንን መናኸሪያ አገኘኋት፤ ከሐራ መምጣቷ ነው። «ምነው ጠፋሽ?» አልኳት። «እኔ እኮ ሥራ ከለቀቅኩ ሁለት ወር አለፈኝ። የአባባን ቁስል ማን ነው የሚያጥበው?» አለች። «ዶክተር ወንዳወቅ» ስላት ሳቀች፤ ሳቋን ግን ቶሎ ዋጠችው። «ሳሚዬ፣ ወንዳወቅ እኮ አስታማሚ ነው። ማገላበጥ እንደ እሱ የሚችል የለም፤ ቁስል ግን አልተማረም። የእግር ጣታቸው ምን ይመስላል?»

ጣታቸው ከረቡዕ ጀምሮ ጠቁሯል።

4. ቤት ገብቼ ከአባቴ ራስጌ የተሰቀለውን መከታተያ ደብተር ገለጥኩ። ሰኞና ሐሙስ፣ ሰኞና ሐሙስ፣ በሙሉ የሔዋን ስምና ፊርማ ነው። ስኳሩ ሁልጊዜ 140። በጣቴ እየተከተልኩ ስወርድ ገና ያልደረሰው ሐሙስ፣ ጥር 22 ላይ ደረስኩ። እሱም ተሞልቷል፦ «ቁስሉ ንጹሕ፤ ሕመምተኛው ደህና ናቸው።» እስከ ወሩ መጨረሻ እንደዚያው ነው።

5. ጎረቤቴ እትዬ አልታየችም ለባለቤታቸው ለአቶ አንዳርጋቸው የያዙት ይህንኑ ድርጅት ነበር። ጥር 9 ቀን ቀበርናቸው። ደብተራቸውን ለምኜ አየሁ። ጥር 12፦ «ሕመምተኛው ደህና ናቸው።» ጥር 15፦ «ሕመምተኛው ደህና ናቸው።» ወንዳወቅ ገደላቸው አላልኩም፤ ምን እንደገደላቸው ግን ከዚህ ደብተር ማወቅ አይቻልም። አያይዤ አቅርቤዋለሁ።

6. ዛሬ ጠዋት ወንዳወቅን ጠየቅኩት። አንገቱን ደፍቶ፣ የወሩ ገጾች ከድርጅቱ ቢሮ ተሞልተው እንደሚሰጡት ነገረኝ። ሐሙስ የጠቆረውን ጣት ቆርጦ እንዲያነሳም ከዚያው ታዟል። መቀሱንም አሳየኝ።

7. አባቴን ወልድያ እንውሰድዎት ብላቸው ወይ ፍንክች! «አንቺው ዶክተር ብለሽ አመጣሽልኝ፤ አሁን አንቺው አስታማሚ ነው ትይኛለሽ? ወላሂ፣ ከዶክተሬ ሌላ ማንም አይነካኝም» አሉ። በር ብዘጋበት የሚጮኹብኝ እሳቸው ናቸው። ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ፤ መንጠቅ ግን አቃተኝ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ከሐሙስ በፊት ፈቃድ ያለው ሐኪም ልከው አባቴን እንዲያይልኝ፣ ማን ምን እንደሆነም ፊት ለፊት እንዲነግርልኝ፤ የድርጅቱ ደብተሮች እንዲመረመሩ፣ ወንዳወቅም ያልተማረውን እንዲሠራ እንዳይገደድ በትሕትና አመለክታለሁ።

የአባቴን ደብተር አላያያዝኩም፤ ከራስጌያቸው ይቆይ። ሐሙስ በራችንን ያንኳኳው ማን እንደሆነ፣ ያ አስቀድሞ የተጻፈው መስመርም እውነት ሆኖ እንደሆነ፣ ዓርብ ቢሮዎ ሲከፈት ደብተሩን ይዤ መጥቼ በአፌ እነግርዎታለሁ።

ከአክብሮትና ከስጋት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ሳሚራ አብዱልመሊክ
መርሳ