ትልልቆቹ ጎማዎችና የአባባ እግር

ለወንድሜ ለሙአዊያ ኑርዬ
ጅዳ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያስቸግርህ የነበረው ወገብህ ተሻለህ? ሙቀቱስ፣ ሥራውስ፣ አብረውህ የሚያድሩት ልጆችስ እንዴት ናቸው? ሰላትህን በሰዓቱ ትሰግዳለህ? ይህን ሁሉ ለልማድ ያህል የምጠይቅህ እንዳይመስልህ። ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፅህን አልሰማንምና የአንዱንም መልስ አላውቀውም። እኛ እዚህ ሐይቅ፣ እማዬም፣ ባለቤቴ ራዚያም፣ ልጄ ሰሚሃም በአካል ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። አባባ ግን ደህና አይደሉም። ወሬው ከሰላምታው እንዳይቀድም ብዬ ነው እስከዚህ የዘገየሁት።

አባባ ደሴ ሆስፒታል ገብተው ከተኙ ዛሬ ዘጠኝ ቀናቸው ነው። ቀኝ እግራቸው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተጨፍልቋል። አንተ ከሄድክ ወዲህ ስኳር ይዟቸዋልና ቁስሉ አልድን ብሎ፣ እየጠቆረ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ትናንት ዶክተሯ ኮሪደር ላይ ጠርታኝ፣ «እስከ ሰኞ ጠዋት ከተቆረጠ ከጉልበት በታች ነው። ከሰኞ ካለፈ ከጉልበት በላይ ይሆናል። ከዚያም ካለፈ እኔን አትጠይቀኝ» አለችኝ። አባባ አልፈርምም ብለዋል። የማይፈርሙትም ባንተ ምክንያት ነው። ነገሩን ከሥሩ ልንገርህና አንተው ፍረድ።

ዘንድሮ ክረምቱ ከውጫሌ በላይ ወደ አክስታችን ወደ መስኡዳ አገር የሚወስደውን መንገድ ቦርቡሮት ሄደ። አክስታችን ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ብቻቸውን ናቸው፤ ዓይናቸውም እየደከመ ነው። አባባ፣ «እህቴ በዳበሳ ስትኖር ቁጭ ብዬ አላይም፤ ሐይቅ እናምጣት» አሉ። በአሮጌዋ የአባባ ላንድሮቨር ሁለት ጊዜ ሞከርን። ሁለቱንም ጊዜ ሆዷን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ቀረች፤ በሬ ጠምደን ነው ያወጣናት። ያኔ ነው መኪናዋን ከፍ ላድርጋት ብዬ የተነሳሁት። ኮምቦልቻ አንድ ግቢ ውስጥ ከተፈታታ መኪና ላይ ትልልቅ ቸርኬዎችን ከነጎማቸው አገኘሁ። ቡሎኖቹ ልክክ አሉ። ቡሎን ከገባ ሁሉም የገባ መሰለኝ።

የገጠመልኝ ያ አስፋልቱ ዳር ያለው ጎሚስታ እንየው ነው። ሥራውን ጨርሶ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አያትና፣ «ሰዑድ፣ ለአሮጊት ባለተረከዝ ጫማ ገዛህላት» ብሎ ሳቀ። ከዚያ መሪውን እስከ ጥጉ አዞረው። ጎማው ባሌስትራውን፣ የሞላውን ብረት፣ እየፋቀ ጮኸ። ያን ጊዜ ሳቁን ተወ። መሪው እንዲያ እስከ ጥጉ እንዳይዞር ማቆሚያውን ቡሎን አስረዘመውና ፍተጋው ቀረ። ነገር ግን እንዲህ ብሎኛል፤ «ከእንግዲህ እንደ ድሮው አትታጠፍልህም። ድሮ ባንዴ የምትዞረውን ኩርባ አሁን ሁለቴ ነው። ፍሬኗም ያው የትንሹ ጎማ ፍሬን ነው።» ሰምቼዋለሁ። አልሰማሁም ብዬ አልዋሽህም።

አባባም በከዘራቸው ጎማውን መታ መታ አድርገው፣ «ለመውጣቱ ጥሩ ነው። መውረዱንስ አስበኸዋል?» አሉኝ። ቀስ ብዬ እወርዳለሁ አልኳቸው።

መውጣቱ እውነትም ጥሩ ነበር። ሆዷን ይይዛት የነበረውን ቋጥኝ ሁሉ ከበታቿ እያሳለፈች ሳትነካው ወጣች። አባባ ከጎኔ ተቀምጠው እንደ ልጅ ደስ አላቸው። አክስታችንን ከነጓዛቸው ከኋላ ጫንና ቀትር ላይ ቁልቁል ጀመርን። ሦስተኛውን ኩርባ ታውቀዋለህ፤ በስተግራ ገደል ያለበት። አባባ ያን ኩርባ አርባ ዓመት ባንድ ዙር ነው የወረዱት። እኔ መሪውን ብጨርሰውም አፍንጫዋ ወደ ገደሉ ቀረ። ወደ ኋላ ሽቅብ መመለስ ነበረብኝ። የእጅ ፍሬኗን ታውቀዋለህ፤ ድሮም ለስሙ ነው። እግሬን ከፍሬኑ ላይ ሳነሳ እንዳትንሸራተት ከፊተኛው ጎማ ሥር ድንጋይ ማስገባት ያስፈልጋል። አባባ ያንን ሥራ ካንተ በቀር ለሌላ አምነው ሰጥተው አያውቁም፤ አንተ ስለሌለህ ራሳቸው ወረዱ።

ሙአዊያ፣ እዚህ ላይ ልብ ብለህ አንብብ። ድንጋዩ ሲይዝ በቤታችን የሚባለው ቃል አንድ ነው፤ «አብሽር»። ሁለታችንንም ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። አብሽር ከተባለ ፍሬኑ ይለቀቃል። አባባ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ወደ ጎማው ሲያስጠጉ አክስታችን ከኋላ ገደል አፋፍ መሆናችንን አውቀው ማልቀስና «ያ ረብ፣ ያ ረብ» ማለት ጀመሩ። አባባ ቀና ሳይሉ፣ እህታቸውን ለማጽናናት፣ «አብሽሪ» አሉ። ሞተሩ ይጮህ ነበር። እኔ የሰማሁት «አብሽር» ነው። ልዩነቱ የአንዲት ፊደል ነው። እግሬን አነሳሁ።

መኪናዋ ከአንድ ክንድ አልበለጠም የሄደችው። ነገር ግን ያ ጎማ ከባድ ነው፤ እግራቸውን ከራሳቸው ድንጋይ ጋር አጣበቀው። አልጮኹም። «ወደ ኋላ» ብቻ አሉ።

ለፖሊስም፣ ለዶክተሯም፣ ለእማዬም «ድንጋዩ ሸሸብኝ» ብለዋል። ሁለታችን ብቻችንን ስንሆን ግን እጄን ይዘው፣ «እኔ ለመስኡዳ ነበር ያልኩት። ይቺን ለማንም እንዳታወራት» አሉኝ። ይኸው ላንተ አወራኋት። ሊጠይቅ የሚመጣው ሰው ሁሉ ትከሻዬን መታ እያደረገ «አብሽር» ይለኛል። የምገባበት ይጠፋኛል።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። አባባ አልቆረጥም ያሉት ለእግሩ ሳስተው አይደለም። «ሰመመኑን ወስጄ በዚያው ብቀርስ?» ነው የሚሉት። «ሙአዊያን ሳልመርቀው ነው የሄደው። በሄደ ቀን ለጠየቀኝ ሁሉ ልጅ የለኝም ስል ነው የዋልኩት። ያን ቃል በአፌ ይዤ አላህ ፊት አልቆምም። በደሌን ለቅቆልኝ፣ በደሉን ለቅቄለት፣ አፉ ሳንባባል ቢላ አይነካኝም።» ሼኹን አመጣንላቸው፤ ነፍስን ማዳን ግዴታ እንደሆነ በደንብ አስረዷቸው። አባባ «እውነትዎን ነው» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ። እማዬ እግራቸው ሥር ተቀምጣ ለመነቻቸው። እሷንም አልሰሟትም።

ከነውራችን ሌላም ልጨምርልህ። ከሰው ያገኘነው የድሮ ቁጥርህ ላይ ስንደውል አንድ ዐረብ ያነሳና ይዘጋዋል። ጭንቅ ቢሆንብን ድምፁ ድምፅህን የሚመስለውን አብሮ አደግህን አብዱልሃሚድን ከሌላ ክፍል ሆኖ እንደ አንተ እንዲደውል አደረግነው። አባባ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው አደመጡት። ከዚያ፣ «ላንድሮቨሯን መጀመሪያ የነዳሃት የት ነው?» አሉት። ልጁ ተንተባተበ። «አይዞህ አብዱልሃሚድ፣ እናትህን ሰላም በልልኝ» ብለው ስልኩን መለሱልኝ። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን አያዩኝም።

አንተም ቂም እንዳለህ አውቃለሁ። ላንድሮቨሯ ተሸጣ በደንቡ ቪዛ እንዲወጣልህ ለመንካቸው፤ እምቢ አሉህ። «እንግዲያው ከብረትዎ ጋር ይኑሩ» ብለህ በባቲ በኩል በስውር ወጣህ። ባሕሩንም፣ የመንንም እንዴት እንዳለፍክ እስከ ዛሬ አናውቅም። የማታውቀው ግን አንድ ነገር አለ። በሄድክ በማግስቱ አባባ በላንድሮቨሯ እስከ ባቲ ነድተው ነበር። ፍየል ልገዛ ነው ብለውን ወጡ። ሲመለሱ ፍየል አልነበራቸውም። ለእማዬ ብቻ፣ «ትናንት ማታ አልፈዋል አሉኝ» ብለዋታል። ይህን የነገረችኝ ባለፈው ሳምንት እዚያው አልጋው አጠገብ ሆና ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ ሐቢብ ነው። የእረፍት ፈቃዱን ጨርሶ ነገ ጎህ ሲቀድ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ መንገድ ካልተዘጋ ዓርብ ማታ ወደ ጅዳ ይሳፈራል። መኪና ማጠቢያ ውስጥ ስትሠራ አንዴ አይቶህ ፊትህን እንዳዞርክበት ነግሮኛል። አሁን ግን እንዳታዞርበት፣ በእናታችን ጡት። ስልኩን ከእጁ ተቀበለውና በእኔ ቁጥር ደውል፤ ቁጥሩን ይዞታል። ቅዳሜም እሑድም ከአልጋው ሥር አልነሳም። ረጅም ነገር መናገር የለብህም። መጀመሪያ የት እንደነዳሃት ንገራቸው። ከዚያ አፉ ብያለሁ በላቸው። የምትለው ከልብህ ባይሆን እንኳ ያኔ አትንገረኝ፤ እሳቸው ከዳኑ በኋላ፣ ስትፈልግ፣ ስደበኝ። እግራቸውን ያስጨፈለቅኩበትን የእኔን በደልም አሁን እንድትለቅልኝ አልጠይቅህም። ከእኔ በፊት እሳቸው አሉ፤ ቀኑም አጭር ነው።

እማዬ ረቢያ ጉንጭህን ትስማለች፤ ስለ መብልህ ጠይቅልኝ ብላለች። ራዚያ ሰላም ትልሃለች። ሰሚሃ አጎቷን በፎቶ ብቻ ነው የምታውቀው፤ የሰላምታ ወረቀቷን በራሷ እጅ ጽፋ ከዚህ ጋር አድርጋዋለች። አክስታችን መስኡዳ እኛ ቤት ናቸው። ዱዓ ያደርጉልሃል፤ የእሳቸው ለቅሶ ያመጣው እንደሆነ አያውቁም፣ አንተም እንዳታሳውቃቸው። እንየው ሰላም ብሎሃል፤ መኪናዋን ከኩርባው ያወረዳት እሱ ነው። አባባ ሰላምታ እንድልክልህ አላዘዙኝም። የሚሉህን ራሳቸው ሊሉህ ይጠብቁሃል።

ወንድምህ ሰዑድ ኑርዬ
ሐይቅ፣ ረቡዕ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.