አልሞቅ ያለው ክፍል

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 2014፣ ኦስሎ

አሁንም አልሞቀም። ሳሎኑ እስኪያልበኝ ይሞቃል፣ ኩሽናው ደህና ነው፤ የመኝታ ክፍላችን፣ ከመስኮቱ ሥር ያለው ራዲያተር ግን ድንጋይ ነው። ማዞሪያውን አምስት ላይ አድርጌዋለሁ። ከአምስት በላይ ቁጥር የለውም።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ጃኬት ለብሼ እተኛ ነበር። ዓርብ ግን ትንሿ ከሆስፒታል ትወጣ ይሆናል። ያለ ጊዜዋ የተወለደች፣ ክንዴ ላይ ሳስተኛት ያለችም የማትመስል ልጄ። ዛሬ ነርሷ «ክፍሏ ይሞቃል አይደል?» ስትለኝ ቶሎ ብዬ «ያ፣ ያ» አልኳት፣ እንደ አገሩ ሰው። ባለቤቴ ሰናይት ቀና ብላ አየችኝ። ስዋሽ ታውቃለች።

የራዲያተሩን አየር አስተነፈስኩት። ጥቁር ውሃ ተፋብኝ። ሸሚዜ ተበላሸ፣ ሙቀት የለም።

ለቫክትመስተሩ፣ የሕንፃችንን ጥገና ለሚሠራው ሰውዬ፣ መልእክት ላክሁ። «ረቡዕ» አለ። ረቡዕ! እሱ ምን ቸገረው።

ማክሰኞ

ድል! ስልኬ ላይ ቪዲዮ አይቼ የማዞሪያውን ራስ ፈታሁት። ከሥሩ አንዲት ቀጭን የብረት ዘንግ አለች። ክፍሉ ሲሞቅ የማዞሪያው ራስ ይጫናትና ውሃው ይዘጋል፤ ሲቀዘቅዝ ይለቃታል፣ ውሃው ይገባል። የእኛዋ እንደተጫነች ደርቃ ቀርታለች። ዘይት ጠብ አደረግሁ፣ በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረግኳት፣ ገፋሁ፣ ተሳደብኩ። ብቅ አለች! ውሃው ሲንሿሿ ሰማሁ። ብቻዬን ጨፈርኩ።

ከሰዓት አማቴን ከአውሮፕላን ማረፊያ አመጣሁ። እማማ ዘነበች ልጃቸውን ሊያርሱ ነው የመጡት። የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው፤ ብርድ አያስደነግጣቸውም ብዬ ነበር። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ መኝታ ክፍሉ ገብተው መስኮቱን አዩ።

«አራስ በዚህ ንፋስ ሥር ልትተኛ? በል ምስማር አምጣ!»

ከሻንጣቸው ከራሳቸው የሚከብድ የሱፍ ብርድ ልብስ አወጡ። ምስማሩን እኔው መታሁላቸው። ከመስኮቱ አናት እስከ ወለሉ ሰቀልነው፤ ጠርዝ ጠርዙን እሳቸው ጠቀጠቁት። ክፍሉ አስቀያሚ ሆነ፣ ንፋስ ግን ድርሽ አይልም። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው ከልቤ።

ረቡዕ

ቀዝቅዟል። ጠዋት እጄን በብርድ ልብሱ ሥር ሰድጄ ራዲያተሩን ዳሰስኩት። ለብ ከማለት አያልፍም። የትናንት ጭፈራዬ አናደደኝ።

ማዮርስቱን ሰፈር፣ ሥራዬ ላይ፣ ቢሮ እያጸዳሁ ሳለ ቫክትመስተሩ ደወለ። «ምንም ችግር የለበትም፤ እጄን ሊያቃጥለኝ ነበር» አለኝ። ቤት ስገባ እውነትም ክፍሉ ሞቋል። እማማ በሰውዬው ተደስተዋል። «ደግ ሰው ነው፤ ጫማውን አውልቆ ነው የገባው። ሻይ አጠጣሁት» አሉ።

እራት በልተን ስንጨርስ ተመልሶ ቀዘቀዘ።

ላብድ ነው። ለባዕድ የሚሞቅ፣ ለባለቤቱ የሚቀዘቅዝ ራዲያተር አይቼ አላውቅም። እማማ ጠበል ይረጭበት አሉ። አልሳቅኩም።

ሐሙስ

ከሥራ በቀጥታ ብሪን ሰፈር ካለው የዕቃ መደብር ሄጄ አዲስ የማዞሪያ ራስ ገዛሁ። ብርድ ልብሱን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ተንበርክኬ ገጠምኩት። ስሠራው ይፋጃል! ጨርሼ ወጣሁ። ተመልሼ ስገባ ለብታ ብቻ።

እናትና ልጅ ሳሎን ይተኙ ብል እማማ አልሰሙኝም። «አራስ ሰው ሁሉ በሚገባ በሚወጣበት? የሰው ዓይንስ?» የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንዳላስገባ ከዚያ ሱፍ አጠገብ እሳቱን እፈራለሁ።

ሰናይት ከሆስፒታል ደወለች። «ክብደቷ ደርሷል፣ ነገ እንወጣለን!» አለች እየሳቀች። ከዚያ «ክፍሉስ?» አለች።

«ነገ ይደርሳል።»

«እውነቱን ንገረኝ።»

ነገርኳት። «ብርድ ውስጥ ይዣት አልገባም። እዚሁ እንዲያቆዩን እለምናቸዋለሁ» አለች። አላለቀሰችም፤ እሱ ነው የባሰብኝ። ልጄን የማስገባበት አንድ ሙቅ ክፍል ማሰናዳት አቃተኝ። አፍሬያለሁ፣ ፈርቻለሁም።

ቫክትመስተሩን እንደገና ለመንኩት። ጠዋት ይመጣል።

ዓርብ

ከሥራ ቀረሁ። ደወሉ ሲጮህ ልከፍት ስሄድ በመኝታ ክፍሉ በር እማማን አየኋቸው። ወንበር ላይ ወጥተው ብርድ ልብሱን ያወርዳሉ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«እንግዳ መጣ አይደል? ይሄን ጉድ እያየ ይግባ? ረቡዕም አውርጄ ነው የተቀበልኩት፤ ሲሄድ መልሼ ሰቀልኩት።»

ያኔ ገባኝ። የማዞሪያው ራስ እኮ ያለው ከብርድ ልብሱ ጀርባ ነው! ከራዲያተሩ ጋር ታፍኖ ይሞቃል፣ ክፍሉ ሁሉ የሞቀ ይመስለዋል፣ ውሃውን ይዘጋል። እኛ ከወዲህ እንንቀጠቀጣለን።

በሩን ከፍቼ ሰውዬውን እንዳስገባሁ ጮህኩባቸው። ምስማሩን የመታሁት እኔ ሆኜ፣ በእንግዳ ፊት፣ የእናቴ እኩያ ላይ። ቫክትመስተሩ አማርኛ አይሰማም፤ ግን አንገቱን ደፋ። ቀስ ብሎ በእጁ የመስኮቱን ደፍ አሳየኝ፤ ልብሱ ከዚያ በታች እንዳይወርድ፣ የማዞሪያው ራስ የክፍሉን አየር ማግኘት አለበት አለኝ።

«ምን አለ?» አሉ እማማ። ተረጎምኩላቸው።

ሄደው መቀስ አመጡ። «ያመጣሁት እንድትሞቅበት ነው» አሉና ያን የመሰለ አዲስ ብርድ ልብስ መሃል ለመሃል ቆረጡት። መቀሱ እምቢ ሲላቸው እኔ ያዝኩላቸው። ሰውዬው እንደወጣ ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። «ተው ልጄ፣ ጭንቀት ነው ያናገረህ» አሉ። ዓይናቸው ግን እንባ አቅሮ ነበር።

ክፍሉ ሞቆ ሲቆይ ለሰናይት ደወልኩላት፤ አመሻሹ ላይ መጡ። ሰናይት ጫማዋን ሳታወልቅ ትንሿን እንደታቀፈች ሄዳ ራዲያተሩን ነካች። እጇን አላነሳችም። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

አሁን ግማሹ ብርድ ልብስ መስኮቱ ላይ ነው። ግማሹ የሰናይት ጉልበት ላይ፣ ትንሿ ከላዩ። እማማ ራዲያተሩን በመዳፋቸው ደባብሰው «ለካ ይሄም ይታፈናል» አሉ። እኔ ደጋግሜ እየገባሁ እነካዋለሁ። እስካሁን ይሞቃል።