ከሁለት የጀርባ ቦርሳ ጋር ደጅዎን የጠናች እህት

ለተከበሩ የሥዕል ሙዚየሙ ዋና ዳይሬክተር
(የሙዚየሙንም ሆነ የከተማውን ስም ከጨዋነት የተነሣ ትቼዋለሁ፤ እርስዎ ግን ራስዎን እንደማይስቱት አምናለሁ።)

ፕቱይ፣ ስሎቬኒያ
ጥር 1997 እ.ኤ.አ.

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ብርዱ ጉልበትዎን እንዳልያዘው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዓይንዎ ደኅና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ላቀረብኩት አቤቱታ ከአራት ወር በኋላ የላኩልኝ መልስ ባለፈው ሳምንት ደርሶኛል። እንዲህ ያለ ወፍራም ወረቀት ቤታችን ገብቶ ስለማያውቅ ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ ዳስሰውታል። ለዚህ ሁሉ ክብር በግል ብቻ ማመስገን ንፉግነት ስለመሰለኝ ምስጋናዬን በጋዜጣ ለማቅረብ ወስኛለሁ።

ነገሩን ለማያውቁት አንባቢዎች ላስረዳ። ወንድሜ ብላዥ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነው። ባለፈው ግንቦት የዓይን ሐኪሙ፣ የሚያየው ነገር ከቀን ወደ ቀን እየጠበበ ሄዶ በረዶው ሲገባ ጨርሶ እንደሚዘጋ ነገረው። ብላዥ አላለቀሰም። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እርስዎ ዘንድ ያለችውን «ልብስ የምታሰጣዋ ሴት» የምትባለውን ሥዕል ማየት። እናታችን በፍል ውኃ ሆቴል ልብስ አጣቢ ነበረች፤ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ካሜራ ባየች ቁጥር ፊቷን በእጇ ስለምትሸፍን ፊቷ የሚታይበት አንድም ፎቶግራፍ የለንም። ያቺ ሥዕል ግን በትምህርት ቤት መጽሐፋችን ላይ የክብሪት ሣጥን አክላ፣ ደብዝዛ ታትማ ነበር፤ አስተማሪያችንም መጽሐፉን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው «ይህችማ የእናንተ እናት ናት!» ብለው ነበር። ብላዥ ዓይኑ ሳይዘጋ ያንን ፊት በትልቁ ሊያየው ፈለገ።

እሱ ብስክሌቱን ሸጠ፣ እኔ በቀን ሠራተኝነት የቼሪ ፍሬ ለቀምኩ። በግራዝ፣ በቪየና፣ በፕራግና በድሬስደን በኩል በአውቶቡስና በእግር መጣን። ከእኛ ቀድመው ያለፉ መንገደኞች በየሆስቴሉ ኩሽና መደርደሪያ ላይ ትተውት የሄዱትን ፓስታ ቀቅለን በላን፤ እኛም በተራችን ጨውና ዘይት ትተን ሄድን። በየከተማው የማይከፈልበትን ሁሉ አሳየሁት፤ ድልድይ፣ ወንዝ፣ የሰው ፊት። መንገዱን ሁሉ ያሰላነው የእርስዎ ቤት እስከ እኩለ ቀን በነጻ በሚከፈትበት በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ለመድረስ ነበር። ደርሰናልም። ከዚህ በታች በቁጥር የዘረዘርኩት ከዚያ በኋላ የተደረገልንን መስተንግዶ ነው።

1ኛ. ስለ ቦርሳዎቻችን። በእንግድነታችን ቀን ስፋታችንን በሣጥን ለክተው ስለ ተቀበሉን አመሰግናለሁ። ዘበኛዎ የእኔን ቦርሳ ወደ መለኪያው ሣጥን ሊከተው ሞክሮ አልገባ ሲለው «እህቴ፣ ይሄ ቦርሳ ነው ወይስ ቤትሽን ነው ያዘልሽው?» አለኝ። «ቤቴን ነው» አልኩት። «እንግዲያው ቤት ደጅ ያድራል እንጂ አዳራሽ አይገባም» ብሎ ሳቀ። ለክፋት ብሎ አልነበረም፤ ትእዛዙ የእርስዎ ነው። ባቡር ጣቢያው ድረስ ሮጥኩ፤ የዕቃ ማስቀመጫው ሁሉ ተይዟል። የአልጋ ወጪ ለማዳን ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዞ በነጻው እሑድ ጠዋት መድረስን እኛ ብቻ ያሰብነው መስሎን ነበር። ለካ ብልጥ ነኝ ያለ ሁሉ ብልጠቱ አንድ ነው። ስመለስ ሰዓቱ ሄዶ እስከ እኩለ ቀን ሁለት ሰዓት እንኳ አልቀረም፤ የቀጣዩ አውቶቡሳችን ትኬትም የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነበር።

2ኛ. ስለ ነጭ በትር። ደንብዎ የዓይነ ስውራንን ነጭ በትር የያዘ ሰው አጃቢውን ከነዕቃው ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳል፤ ይህ ርኅራኄዎ የሚመሰገን ነው። «ወንድሜ በደንብ አያይም፣ ብቻውን አይሆንለትም» ስለው ዘበኛው «በትሩስ የታለ?» አለኝ። ብላዥ ቱግ ብሎ «የምን በትር? አያለሁ እኮ! ደግሞ ሥዕል ለማየት ሞግዚት ያስፈልጋል እንዴ? ተይው ኔዣ፣ እዚሁ ጠብቂኝ፣ አሁን እመጣለሁ» አለና ቦርሳውን ከእኔ ጋር ትቶ ገባ። በትሩ እኔ ቦርሳ ውስጥ፣ ከካልሲዎቹ ሥር ተጣጥፎ ነበር። በሰው ፊት አውጥቼ ላሳፍረው አልቻልኩም። ይህ ጥፋት የእርስዎ ሳይሆን የእኔ ስለሆነ ከአቤቱታው እንዲቀነስልኝ እጠይቃለሁ። ያላወጣሁበት ቀን ዛሬም ያንገበግበኛል።

ብላዥ አንድ ሰዓት ተኩል ቆይቶ፣ በሩ ሊዘጋ ሲል ወጣ። ፊቱ በርቶ ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ እሷ ነገረኝ፤ ሳሙና ያቀላውን እጇን፣ ነፋሱ የነፋውን ሸሚዝ፣ ከሻሿ ሥር ያመለጠውን ፀጉሯን። «አስተማሪያችን እውነታቸውን ነው፤ እናታችን ናት ኔዣ፣ ቁርጥ እሷን! ልትስቅ ስትል ከንፈሯን የምትነክሳት ነገር አለች አይደል? እሷም አለች!» አለኝ። እኔ በደስታ አለቀስኩ። በኅዳር ዓይኑ ጨርሶ ጠፋ። ቢሆንም ወደ ጨለማው አንድ ነገር ይዞ ገባ እያልኩ እጽናና ነበር።

3ኛ. ስለ መልስዎ። የቦርሳውን ደንብ ሙሉ ቅጂ አያይዘው ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። ከሁሉ በላይ የማመሰግንዎ ግን በመጨረሻው አንቀጽ እግረ መንገድዎን ስለ ጠቀሷት ነገር ነው። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «የጠቀሱት ሥዕል ከሰኔ እስከ ጥቅምት በውሰት ባሕር ማዶ የነበረ በመሆኑ፣ በዕለቱ ባለመግባትዎ የቀረብዎት ነገር አለመኖሩን ስንገልጽ ደስታ ይሰማናል።»

ክቡርነትዎ፣ በዚያ እሑድ ባዶ ግድግዳ ፊት የቆመ ቀጭን ወጣት ያየ ሠራተኛ ካለዎት ይጠይቁልኝ። ሥዕሏ የለችም ብሎ የነገረው ሰው ነበር? ወይስ ማስታወቂያ ለጥፋችሁ፣ አፍንጫውን አስጠግቶ ፊደል በፊደል ራሱ አነበበው? ከዚያ በኋላ የት ተቀምጦ ነው ያን ሁሉ ለእኔ ያዘጋጀው?

ጋዜጣ የማነብለት እኔ ስለሆንኩ ይህን ደብዳቤ እስከ ሁለተኛው ቁጥር ድረስ አነብለታለሁ። ብላዥን የምታውቁ የፕቱይ ሰዎች ሁሉ እንደኔ እንድታደርጉ እለምናለሁ።

ለደንብዎ ርዝመትን፣ ለመለኪያ ሣጥንዎ ጥንካሬን፣ ለግድግዳዎችዎም ሙላትን እየተመኘሁ፣ ከደጅዎ ያላለፈችው ትሑት እንግዳዎ ነኝ።

ኔዣ ኮሬን

ማሳሰቢያ፦ ሥዕሏ መመለሷን ገልጸው፣ ማንኛውንም ቦርሳ ይዘን እንድንገባ ፈቅደው የላኩልን ሁለት የነጻ መግቢያዎች ከዚህ ጋር ተመልሰዋል። የአንደኛውን ምክንያት እርስዎም አያጡትም። ሁለተኛውን የመለስኩት ደግሞ ሥዕሏን አንድ ጊዜ ካየኋት ወንድሜ የቱ ጋ እንደተሳሳተ ስለማውቅ ነው፤ ይህን ደግሞ ማወቅ አልፈልግም።