በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት

ሰኞ፣ መስከረም 21
የቢዝነስ ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ሳምንት። ለነገ ስልሳ ገጽ ማንበብ አለብኝ። ኬዝ ይሉታል… የአንድ ድርጅት እውነተኛ ታሪክ፣ አንብበን ክፍል ውስጥ የምንከራከርበት። የውጤቱ ግማሽ በንግግር ነው። ስድስት ዓመት የመድኃኒት መጋዘን ስመራ የማወራው ከካርቶን ጋር ነበር። እዚህ ሁሉም አንደበቱ እንደ ውሃ ይፈሳል። ምን ልሁን ብዬ መጣሁ?

ሐሙስ፣ መስከረም 24
መምህሩን «ድንገቴ» ይሉታል፣ ሳያስጠነቅቅ ስለሚጠራ። ዛሬ እኔን ጠራኝ። ሌሊቱን ሳነበው ያደርኩት ሁሉ ብን አለ። ቆሜ ቀረሁ… አለፈኝ።
የጥናት ጓደኞቼ ሁለት ናቸው፤ ከባንክ የመጣች ሴትና አንድ መሐንዲስ። መሐንዲሱ ሊያጽናናኝ ሞከረ። «ዝምታ ወርቅ ነው ሲሉን አደግን፣ እዚህ ግን ዜሮ ነው» አለኝ። ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን አለቀስኩ።

ማክሰኞ፣ መስከረም 29
ዛሬም አልተናገርኩም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 2
የሰኞው ኬዝ ስለ አንድ ክር ፋብሪካ ነው። ስሙን ቀይረውታል። ግን ወንዙ፣ የፈረቃው ጡሩምባ፣ የተዘጋበት ዓመት… አባዬ የሠራበት ነው። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ስምንት ወር ቤት ሲቀመጥ ስለ ፋብሪካው አንዲት ቃል አልተነፈሰም።
የባንክ ሠራተኛዋ አንብባ ጨረሰችና «መዘጋት ነበረበት፣ እንዲያውም ዘግይቷል» አለች። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ምን አጠፋች? አታውቅ።
ብቻዬን ሆኜ ሒሳቡን አራት ጊዜ ሠራሁት። ልክ ናት። አባቴን የከዳሁት መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 3
አባዬ ቤት ሄድኩ። አንድ ሰዓት ሌላ ሌላውን ሳወራ ቆይቼ የኬዙን ወረቀት አወጣሁ። አንብቢልኝ አለኝ። መዘጋት ነበረበት የሚለው ጋ ስደርስ ቀና ብዬ አየሁት።
«ልክ ነው» አለ። «የአንዱን ማሽን ዕቃ ነቅዬ ለሌላው የምገጥመው እኔ አልነበርኩም? እኔ ሳላውቅ ማን ሊያውቅ!»
«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልክ፣ አባዬ?»
«ጠዋት ስንደርስ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ፣ አለቀ ብሎ የሚነግረኝ አንድ ሰው አጣሁ። በእጄ የሠራኋቸው መፍቻዎች እንኳ ውስጥ ቀሩ።»
እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችው። እሷም አልሰማችም ነበር ለካ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 5
ድንገቴ ሳይጠራኝ እጄን አወጣሁ። ፋብሪካው መዘጋት ነበረበት አልኩ። ከዚያ… ኬዙ በአሥራ ሁለት ገጽ ለምን እንደተዘጋ ይተርካል፤ ሠራተኞቹ እንዴት እንደሰሙ ግን አንድ መስመር ብቻ ነው፣ «በማስታወቂያ እንዲያውቁ ተደረገ»። ከነሱ አንዱ አባቴ ነው አልኩ።
«አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» አለኝ መምህሩ።
ጠዋት በሩ ላይ ራሴ እቆም ነበር አልኩት። ከኋላ አንዱ፣ በድንጋይ ነበር የሚሉሽ አለ። ተሳቀ።
«ሊሉኝ ይችላሉ። አባቴ ግን መፍቻዎቹን ይዞ ይወጣ ነበር።»
መምህሩ ሰሌዳው ላይ አንድ ነገር ሊጽፍ ዞረና ሳይጽፍ ተመለሰ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7
የባንክ ሠራተኛዋ ኮሪደር ላይ ጠበቀችኝ። ይቅርታ ልትጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ሌላ ጭንቅ አለባት። የምትመራው የባንክ ቅርንጫፍ በቅርቡ ከሌላ ጋር ይዋሃዳል፤ ለአሥራ አራት ሰዎች ሥራቸው ማለቁን መንገር የሷ ድርሻ ነው። ደብዳቤው ተረቅቋል። «አባትሽን ባናግራቸው ቅር ይላቸዋል?»
እጠይቀዋለሁ አልኳት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 10
ወሰድኳት። አባዬ ጢሙን ተላጭቶ ጠበቀን። ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራ፣ ሃያ ዓመት ያፈነውን። አንዳንዱን እየሳቀ! እናቴ ሥራ ያላት መስላ በሩ ሥር ቆማ ትሰማለች።
ልንወጣ ስንል የባንክ ሠራተኛዋ፣ ታዲያ ምን ብዬ ልንገራቸው አለችው።
«ቃሉ አይጠፋሽም፣ ልጄ። ከተናገርሽ በኋላ ግን ቶሎ አትነሺ። አብረሻቸው ትንሽ ቁጭ በይ።»
ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው። እኔም ጻፍኩት።