ይቁም የተባለው ዥዋዥዌ

ዓርብ

ዛሬም ማንም ሳያየኝ ተጫወትኩ። ሰፈሩ ሳይነቃ፣ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ ወጣሁ። የሰፈሩ ልጆች ከመንገዳችን ዳር ማንጎ ቅርንጫፍ ላይ ያሰሩት ዥዋዥዌ ላይ ተቀምጬ መሬቱን በእግሬ ገፋ አደርጋለሁ፣ ከዚያ ወደ ላይ። ቅጠሉ ይቀርባል፣ ይርቃል። አሶሳ ጭጋግ ለብሳ ከሥሬ ቀስ እያለች ትወዛወዛለች። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ሠላሳውን አማርኛ ሳስተምር ነው የጨረስኩት። እዚያ ላይ ግን ዕድሜዬ ይጠፋብኛል።

ከሰዓት ክፉ ወሬ መጣ። ልጆቹ ሲጫወቱ የዥዋዥዌው ሳንቃ የሊቀመንበራችንን የአቶ ታደሰን መኪና ስፖኪዮ ሰበረ። ነገ የቤት ማኅበራችን ስብሰባ አለ። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ከፋኝ።

ቅዳሜ

አቶ ታደሰ «መንገዱ የጋራችን ነው፤ የልጆች መጫወቻ አይሰቀልበትም፣ አይቀመጥበትም» አሉ። አንዲት እናት «ታዲያ የት ይጫወቱ?» ብላ ጠየቀች። አቶ ታደሰ «ማስታወቂያ ይጻፍ» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ አፌን ያዝኩ። ብናገር እንባዬ ያጋልጠኛል ብዬ ፈራሁ። ፈሪ ነኝ፤ እዚህ እንኳ ልጻፈው።

ማስታወቂያውን በእጄ ጽፌ መግቢያው በር ላይ ለጠፍኩ፦ «በጋራ መንገዱ ላይ ያለው ዥዋዥዌ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም።» ወዲያው ገመዱ ተቆረጠ።

እሑድ

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እግሬ ራሱ ቀሰቀሰኝ። መስኮቱ ጋ ቆሜ ቀረሁ። ቅርንጫፉ ላይ ክንድ የምታህል ገመድ ቀርታለች፤ ነፋሱ ይጫወትባታል። ቅዳሴ ላይ ቆሜ እንኳ ሰውነቴ ወደ ፊት ወደ ኋላ ይላል። አጠገቤ የነበረችው ሴት «ራስሽን አዞረሽ እንዴ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ናፍቆኝ ነው ማለት እንዴት ይቻላል?

ሰኞ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ጎረቤቴ ባበክር በያጅ ነው። ማንኩሽ ከተማ ሥራ ላይ ሰንብቶ ትናንት ተመለሰ፤ የስብሰባውን ነገር አልሰማም። ማስታወቂያዬን አነበበ፣ መሬት ላይ የወደቀውን ሳንቃ አየ፣ ሥራውን ጀመረ። ከገበያ ስመለስ ከማንጎው አጠገብ ባለ አራት እግር የብረት ዥዋዥዌ ቆሟል። ሰንሰለቱ ያበራል።

«መምህር፣ አንተ ጻፍክ ‹ይቁም›። እኔ አቆምኩ። ኸላስ፣ አለቀ» አለኝ። ቤት ውስጥ በርታኛ ነው የሚናገረው፤ በአማርኛ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላል፣ ለምጄዋለሁ። «ወላሂ፣ ማኅበር ዛሬ ጥሩ ነገር አዘዘ።»

አቶ ታደሰ እሳት ለብሰው እሳት ጎርሰው መጡ። «ይቁም ማለት ይቅር ማለት ነው እንጂ! መምህርት፣ ነገ ለአባላቱ ያብራሩልን።»

ምን ልበል? ‹ይተከል ማለቴ ነበር› ብል ያምኑኛል፤ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። የባበክር ብረት ይተርፋል፣ እኔም እተርፋለሁ። ግን ውሸት ነው። ይህን ሳውጠነጥን ሽሮው አረረብኝ።

ማክሰኞ

ተናገርኩ።

«የጻፍኩት ይቅር ለማለት ነው። ባበክርም አልተሳሳተም፤ ቃሉ ሁለቱንም ይላል። የኔን ፍላጎት ከጠየቃችሁኝ ግን ይኑር። ጠዋት ጠዋት እኔም እጫወትበት ነበር።»

አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ባበክር ብረቱን ከመኪና መተላለፊያው ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ አስገባዋለሁ አለ። ይኑር ሲባል ብዙ እጅ ወጣ። አቶ ታደሰ እጃቸውን አላወጡም፤ «እስከ ቅዳሜ ላስብበት» ብለው ተነሡ። እንግዲህ ዥዋዥዌው እስከ ቅዳሜ አለ ማለት ነው።

ሰው ሲበተን የአቶ ታደሰ ባለቤት ወይዘሮ አበባ ክንዴን ይዘው ገለል አደረጉኝ።

«በመስኮት አይሽ ነበር» አሉ። «ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትወጪው?»

አሥራ ሁለት ሰዓት አልኳቸው። ባላቸውን ዞር ብለው አዩና «ከጠበቅሽኝ እመጣለሁ» አሉ። እጠብቃቸዋለሁ።