ስለ አንድ የፊደል ግድፈት፣ ከቀለም ቀቢው ለዲኑ

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲያችን የተማሪዎች ዲን፤
ካሉበት ከፍታ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎ እንደ ቢሮዎ በር የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ ዲሲፕሊን ኮሚቴዎ ውሳኔ ፈጥኖ የሚመጣ ይሁንልዎ እያልኩ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ በጥገና ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ግድግዳ የቀባሁ፣ ተማሪዎች «አባ ኖራ» የሚሉኝ ሠራተኛዎ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ለሁለት ዓመት ከትምህርት ያገዷት የአራተኛ ዓመት ተማሪም ልጄ ናት። በአደባባይ የምጽፍልዎት በፖስታ ያስገባሁት ስላልተነበበ ነው፤ ጥፋቱ መቼም የፖስታው እንጂ የእርስዎ ሊሆን አይችልም።

አንደኛ፣ ስለ ትዝታዎ አመሰግናለሁ። ሥራ በዝቶብዎ ዘንግተውት እንደሆነ፣ ከለውጡ በፊት፣ ገና ተማሪ ሳሉ፣ በቤተ መጻሕፍቱ የጎን ግድግዳ ላይ ዝምታ ኃጢአት መሆኑን በቀይ ቀለም ጽፈው፣ ጎህ ሲቀድ እጅዎ እንደቀላ የቀለም መጋዘኔ ውስጥ ገብተው ነበር። እኔ እጅዎን በጋዝ አጠብኩ፤ ጥበቃዎቹ መጥተው ሲያፋጥጡኝም ትንፍሽ አላልኩም። ዝምታን ኃጢአት ያለውን ልጅ ያተረፈው የአንድ ቀለም ቀቢ ዝምታ ነበር ለማለት ያህል ነው እንጂ ውለታ ልቆጥርብዎት አይደለም። በማግስቱ ጽሑፉን በነጭ ሸፍን ተባልኩ፣ ሸፈንኩ። ቀይ ቀለም ግን ካልተፋቀ ነጭ ስር አይተኛም፤ በየክረምቱ ብቅ እያለ ሦስት ጊዜ ደግሜ ቀብቼዋለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ለውጡ። እርስዎ ወንበሩ ላይ በተቀመጡ በወሩ ያንኑ መፈክር በዚያው ግድግዳ ላይ፣ የቋንቋ ክፍሉ ፊደሉን አይቶልኝ፣ በወርቃማ ቀለም እንድጽፍ አዘዙኝ። ዝምታ ወርቅ ነው የሚባለው ትዝ ብሎኝ መሰላሉ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። መፈክሩ በተገለጠበት ዕለት አዲስ ገቢ ተማሪዎችን ሰብስበው «ጠይቁን፣ ተቆጡን፣ እኛ ከእናንተ ነን» አሉ። ከፊት ረድፍ ተቀምጣ ያጨበጨበችው፣ ክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት የምታፍር የነበረችው ልጄ ናት። አመነችዎት።

ሦስተኛ፣ ስለ ማኅተምዎ ጥራት። የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ ቃሏን እንኳ ሳትሰጥ ከግቢ በተባረረች ጊዜ ልጄ ማመልከቻ ጻፈች። «በታላቅ ትሕትና» ብላ ጀምራ «ከወዲሁ አመሰግናለሁ» ብላ የጨረሰቻቸውን ሰባት ማመልከቻዎች መዝገብ ቤትዎ ሰባት ጊዜ ጥርት ያለ ማኅተም እየመታ ተቀበለ። መልስ አልመጣም። ስምንተኛው ሦስት ቃል ብቻ ነበር፤ የራስዎን ሦስት ቃላት ካርቶን ላይ ጽፋ ምግብ አዳራሹ በር ላይ ለጠፈችው። ኮሚቴዎ ጽሑፉን «ሁከት ቀስቃሽ» ካለው በኋላ፣ ኃጢአት የሚለውን «ሀጢያት» ብላ በመጻፏ «ግድፈቱ የተቋሙን ክብር አጉድፏል» ብሎ ጨመረበት።

አራተኛውን ዘልዬዋለሁ፤ ባለቤቴ «እሱን ከጻፍክ አንተንም ያባርሩሃል» ብላኛለች።

አምስተኛ፣ ስለ ማስተማር ችሎታዎ። መምህሮቿ በአራት ዓመት ያልቻሉትን እርስዎ በአንድ ገጽ ውሳኔ ፈጸሙት። ልጄ ዛሬ የምትውለው፣ ትናንት ጯሂዎች ናቸው እያለች ትሸሻቸው ከነበሩት፣ ወረቀት ይቃጠላል እንጂ አይጻፍም ከሚሉት ጋር ነው። የይግባኝ ጊዜው ዓርብ ያበቃል። ይግባኙን እኔው አስተይቤ ባቀርብላት አልፈርምም አለች፤ «አባዬ፣ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው እኮ ተስፋ ያልቆረጠ ሰው ነው» አለችኝ፣ ድምፅዋን ከፍ እንኳ ሳታደርግ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ክቡርነትዎ በየስብሰባው ጽንፈኛ የሚሏቸው ልጆች ከየት እንደሚመጡ ግራ እንደገባዎት ሰምቻለሁ፤ ግራ አይግባዎት፣ አንዷ ከመዝገብ ቤትዎ ነው የወጣችው። እውነቱን ልንገርዎት፣ ፈርቻለሁ። የምፈራው እርስዎን አይደለም፤ ጠዋት በሩን ዘግታ ስትወጣ ወዴት እንደምትሄድ አለማወቄን ነው።

ስለዚህ የምለምንዎት ምሕረት አይደለም። እስከ ዓርብ ድረስ ከሰባቱ ማመልከቻዎች ደስ ላለዎት ለአንዱ፣ «እምቢ» ብለውም ቢሆን፣ በእጅዎ ጽፈው መልስ ይስጧት። እምቢ ያላትን ሰው ገና ልትከራከረው ትችላለች፤ ዝም ያላትን ግን ምን ታድርገው?

የወንበርዎን ዕድሜ ወንበሩ ራሱ ስለሚያውቀው እኔ የእርስዎን ዕድሜ ብቻ እየተመኘሁ፣ ከመሰላሌ ወርጄ፣ ቆቤን አውልቄ፣ ለጥ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤

አባ ኖራ
የጥገና ክፍል ቀለም ቀቢ፣ የታገደችው ተማሪ አባት

ሳልረሳው፦ ተማሪዎች ስሩ ይሰበሰባሉ ተብሎ ወርቃማውን ጽሑፍ ፍቄ እንዳጠፋ በታዘዝኩት መሠረት ሥራውን ትናንት ጀምሬያለሁ። ወርቁ ሲነሣ፣ ከነጩም ስር፣ የእርስዎ ቀይ ጽሑፍ ወጣ፤ «ሀጢያት» ይላል። ልጄ ሕፃን ሳለች ስለ አንድ ደፋር ተማሪ ሳጫውታት ቃሉን በጣቴ መዳፏ ላይ የጻፍኩላት ግድግዳው ላይ እንዳየሁት ነበርና፣ ኮሚቴዎ ግድፈቱን ለባለቤቱ ይመልስልኝ። እጅዎን መታጠብ ካሰኘዎትም ጋዙ ዛሬም እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው።