ከዝርዝሩ አናት ላይ ያለው ቁጥር

ውድ ኮናዱ፣

…መቀሱን እንኳ ከእጅሽ አላወረድሽም ነበር። ሰማያዊ ጨርቅ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ይመስለኛል፣ ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ ከጠረጴዛው ተንጠልጥሏል። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜያለሁ። ስልኬ በእጄ ነው። ፊቴን አየሽው። ከዚያ ስልኩን። ከዚያ መልሰሽ ፊቴን።

«ማን ነገረህ?»

«አንቺ» አልኩሽ።

«እኔ? አንተን አውጥቼሃለሁ እኮ! ሴቶቹን ብቻ ለይቼ ነው የላክሁት። ሳርፎ ሙት!»

እውነትሽን ነው። ሴቶቹን ብቻ ነው የለየሽው። ጎረቤትሽ ጸጉር ሠሪዋ ሬዲዮዋን ዝቅ አደረገች፤ ያን አስታውሳለሁ። ዞሬ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ በዚያ ሳልፍ የብረት በርሽ ተዘግቷል። በማግስቱ ስልክሽም ተዘጋ። ማምፖንግ ከተማ ያለችው አክስትሽ ዘንድ እንደሄድሽ የነገረችኝ ያችው ጸጉር ሠሪ ናት። «ምን አድርገሃት ነው?» አለችኝ፤ እኔን።

ስልክሽ ዝግ ስለሆነ በወረቀት እጽፍልሻለሁ። የሚያደርስልሽ ማምፖንግ የሚመላለሰው ሹፌር ቦአዱ ነው፤ ከአንቺ እጅ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ ነግሬዋለሁ። ለአሳፎ ገበያ ነጋዴ ሁሉ መልእክት ስጽፍ የኖርኩ ሰው፣ ወረቀት ፊት ስቀመጥ እጄ ግር ይለዋል። ጥቂት መስመር ጽፌ ያለቀ ይመስለኛል። አላለቀም።

መጀመሪያ እንዴት እንደደረሰኝ ልንገርሽ፤ ይህንኑ እያወጣሽ እያወረድሽ እንደምትውይ አውቃለሁና። ለአንድ ነጋዴ የደንበኞቹን ቁጥር ሳደራጅ ከዝርዝሩ አናት ላይ የራሴን ቁጥር አስገባለሁ። መልእክቱ መውጣት አለመውጣቱን የማውቀው በዚያ ነው። የኔ ስልክ ከጮኸ የሌላውም ጮኋል ማለት ነው። ነጋዴው ቁጥሬን አያየውም። ዝርዝሩን ቢከፋፍለው፣ ወንዱን ከሴቱ ቢለየው፣ በየክፍሉ አናት ላይ የኔ ቁጥር አብሮ ይሄዳል። የሥራው ጠባይ ነው። ነጋዴ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚልከው፤ አንቺም።

ስለዚህ የከተማው ወሬ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። የማዳም አቺያ ዓሣ፣ የጸጉር ቤቱ አዲስ ሹሩባ፣ የመድኃኒት ቤቱ የሥራ ሰዓት፣ የመዘምራን ልምምድ። ስልኬ ቀኑን ሙሉ ይንጫጫል፤ ለእኔ ብሎ የጻፈ ግን የለም። ሳላነብ አልፋቸዋለሁ። ብዙዎቹን ራሴ ነኝ የጻፍኳቸው።

ያንቺንም። ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ «ይምጡ» እንበል ወይስ «ብቅ ይበሉ» ስንከራከር የበቆሎ ኬንኬያችን ቀዝቅዞ ነበር፤ ኪዮስኬ ፊት ባለችው አግዳሚ ላይ።

«‹ይምጡ› ትእዛዝ ነው» አልኩሽ።

«ታዲያ ‹ብቅ ይበሉ› ብያቸው ብቅ ብለው ቢመለሱስ?» አልሽኝ፤ አፍሽ ሙሉ ዓሣ ነበር።

ደንበኞችሽ አብዛኞቹ አሮጊቶች ናቸው። የሚያነብላቸው የልጅ ልጅ ነው፣ ወይም ጎረቤት። ስለዚህ ለዓይን ሳይሆን ለጆሮ ነው የምንጽፈው አልኩሽ፤ ጎረቤት ጮክ ብሎ ቢያነበው የማያሳፍር ይሁን። እሑድ ከጸሎት በፊት አይላክም። የሐዘን ጨርቅ በሳምንቱ መካከል ይላካል፤ ሰው ቅዳሜ ነው የሚቀብረው። ደንበኞቹንም በየቤተሰባቸው እንለያቸው፤ አንድ ቤት የሚለብሰው አንድ ጨርቅ ነው። ሁሉንም በጥሞና ሰማሽና፣ «ሰዉ እኮ አሁን ፎቶ እያየ ነው የሚገዛው፤ አንተ ገና ቃል ስትለቅም» አልሽኝ። ሳቅሁ። ነገርሽ ግን ውስጤ ቀረ። ወጣቶቹ ፎቶ ይፈልጋሉ። ትልቅ ስክሪን ያለው ስልክ በየኪሱ እየገባ ነው። የኔ ሥራ ቁልፍ ያለው ስልክ የሚይዙት አሮጊቶች እስካሉ ድረስ ነው፤ አንዲቷ በሞተች ቁጥር ከየዝርዝሩ አንድ ቁጥር አወጣለሁ። ይህን እያሰብኩ ኪዮስኩ ውስጥ ብቻዬን እቀመጣለሁ። ላንቺ ግን አልነገርኩሽም። ላንቺ ያልነገርኩሽ ብዙ ነው። የአዲስ ዓመቱን ሸሚዝ ስትለኪኝ፣ ሜትሩን ከትከሻዬ ወደ እጄ ስታወርጂው፣ ትንፋሼን ይዤ ነበር። «ተንፍስ እንጂ፣ ደረትህን ልለካበት» አልሽኝ።

ማክሰኞ ጠዋት የደረሰኝ እንዲህ ይላል፦ «ከኮናዱ ስፌት። የእናታችን የፖኩዋ የሐዘን ጨርቅ ገብቷል። ጥቁር በቀይ ነው። ለልኬት እስከ ሐሙስ ብቅ ይበሉ። አምላክ ያጽናችሁ።»

«ገብቷል» የኔ ነው። «ብቅ ይበሉ» የኔ ነው። «አምላክ ያጽናችሁ» ብለን እንዝጋ ያልኩሽም እኔ ነኝ፤ ሐዘን ላይ ላለ ሰው ስለ ዕቃ ብቻ አይነገረውም ብዬ። ያንቺ አንድ ቃል ብቻ ነው ያለበት። ስሟ።

እናቴ ባለችበት በኤፊዱዋሲ ሌላም ፖኩዋ አለች ብዬ አሰብኩ። ዳቦ ጋጋሪዋ አለች። ከጣቢያው ጀርባ የምትኖረው አሮጊት አለች፤ እሷ ስትታመም ከርማለች፤ እሷ ትሆናለች። እንዲህ ለሰው ሞት ስመኝ ቆየሁ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፍቼ መልእክቱ የሄደበትን ዝርዝር አየሁ። የኛ ቤት ነው።

በኛ ዘንድ ለልጅ የእናቱን ሞት የሚነግረው የእናቱ ወንድም ነው፤ አስቀምጦ፣ ውሃ አስጠጥቶ፣ ሰው ባለበት። አጎቴ አጀይ ደግሞ ሱንያኒ ከተማ ሄደው ነበር። እስኪመለሱ ሁሉም አፉን ዘግቷል። አክስቴ ዱፊዬ ጨርቁ ለሰባተኛው ቀን የሐዘን ሥርዓት እንዲደርስ ብላ ነው ላንቺ ቀድማ ያዘዘችሽ፤ ሴቶቹ ያውቃሉ፣ ለነሱ ብቻ ላኪ ብላሽ። ከአጎቴ በፊት ከሌላ አፍ ከሰማሁ፣ ያ አፍ ይጠየቅበታል። ይህን ለአንቺ መንገር አያስፈልገኝም። የሸሸሽው ከዚህ ነው።

ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ፣ እያወቅሁ የማያውቅ ሰው ሆኜ ሰነበትኩ። ሰው ሲያስቅ እስቃለሁ። ለመድኃኒት ቤቱ መልእክት ጻፍኩ። አንዴ የእናቴን ቁጥር ደወልኩ። ጠራ። ጠርቶ ጠርቶ ቆመ።

ሐሙስ ጠዋት ኤፊዱዋሲ ተጠራሁ።

ግቢው ውስጥ ወንበሮቹ ተደርድረዋል። አጎቴ መሐል፣ ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኝ፣ ሴቶቹ ከማድቤቱ በኩል። የእናቴ ክፍል በር ዝግ ነው። ወደዚያ እንዳላይ አንገቴን ይዤው ነበር ማለት እችላለሁ። ውሃ ሰጡኝ። ሰላምታ ተለዋወጥን።

«መንገዱ እንዴት ነበር?» አሉ አጎቴ።

«ሰላም ነው።»

«ለምን እንደጠራንህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም አጎቴ።»

«ፊቱን እዩትማ!» አለች አክስቴ ዱፊዬ ከማድቤቱ በኩል። «ይሄ የማያውቅ ሰው ፊት ነው? ሦስት ቀን ያልተኛ!»

«ዱፊዬ፣ ተይ።»

«አልተውም! ያቺን ሰፊ ለሴቶቹ ብቻ ብያት ነበር። አሁን ሱቋን ዘግታ የት ገባች? ልጁ ስልኩን ይዞ ደጃፏ ቆሞ ነበር ብላለች ጸጉር ሠሪዋ። ስልኩን ይዞ! ሰው ሱሪ ለማሳጠር ስልክ ይዞ ይቆማል?»

አንድ ሽማግሌ ሳል ያዘው፤ ሳቅ ሳይሆን አይቀርም።

አጎቴ እጃቸውን አነሡ። «ነገሩ አጭር ነው» አሉኝ። «ሴቶቹ ያውቁ ነበር፤ ለነሱ ከሆነ የተላከው ጥፋት የለም። ላንተ ደርሶህ ከሆነ ግን ያቺ ልጅ ለካሳ በግና መጠጥ ይዛ እዚህ ትቆማለች። ሳርፎ፣ የደረሰህ ነገር አለ?»

በግስ ይገኛል፤ እኔም አብሬሽ እገዛ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ከኤፊዱዋሲ እስከ አሳፎ የሐዘን ጨርቁን ላንቺ የሚሰጥ ቤት አይኖርም። ሱቅሽ የቆመው በምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዝርዝርሽን የሠራሁት እኔ ነኝ።

«የደረሰኝ ነገር የለም» አልኩ።

«ስልክህን ስጣት እንግዲህ። ቢራጎ፣ አንብቢ።»

መልእክቱን አላጠፋሁትም ነበር። ማክሰኞም ረቡዕም ላጠፋው ከፍቼው ነበር። ስሟ ያለበት የመጨረሻው ነገር ነው።

ቢራጎን ታውቂያታለሽ፤ የዱፊዬ ልጅ፣ ባለፈው ፋሲካ አረንጓዴውን ቀሚስ የሰፋሽላት፣ ወገቡ ጠበበኝ ብላ ያስለቀቀችሽ። መሐል ገብታ ቆመችና እንደ ትምህርት ቤት ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

«‹ከመድኃኒት ቤቱ። ዛሬ እስከ ማታ ክፍት ነን። ብቅ ይበሉ።›»

«ቀጥይ።»

«‹ከጸጉር ቤቱ። አዲስ ሹሩባ ገብቷል። ብቅ ይበሉ።› ‹ከማዳም አቺያ። የበረዶ ዓሣ ገብቷል። ብቅ ይበሉ።›» ቀና አለች። «አንተ፣ ሴት የሚባል አይጽፍልህም እንዴ? ዓሣና ጸጉር ብቻ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። የት ቦታ ላይ ሆነው እንደሳቁ ትዝ አላቸው።

እንዲህ እያነበበች ማክሰኞ ደረሰች፤ ከማክሰኞው ዓሣ ቀጥሎ የሚመጣውን አውቅ ነበር። አውራ ጣቷን ነው የማየው። ወደ ላይ ገፋች። ቆመች። ከንፈሯ ገና ለመጀመሪያው ቃል ተከፍቶ ነበር። እኔን አላየችኝም።

«‹ከ… ከሙዝ ነጋዴዎቹ›» አለች። «‹የጎኣሶ ሙዝ ገብቷል። ለፉፉ ተቀቅሎ የሚወቀጥ። እስከ… እስከ ሐሙስ ብቅ ይበሉ።›»

ኮናዱ፣ የከተማውን መልእክት ሁሉ እኔ አውቃለሁ። ሙዝ ነጋዴዎቹ ዝርዝር የላቸውም። ጽፈው አያውቁም።

«ዓሣና ሙዝ ነው አጎቴ» አለች ቢራጎ፣ ስልኩን ደረቴ ላይ እየጣለች። «የሚያሳዝን ሰው ነው።»

አክስቴ ዱፊዬ ልትናገር አፏን ከፈተች። አጎቴ ሳያዩዋት እጃቸውን አነሡ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ እኔ አቀረቡና ነገሩኝ፤ እንዴት እሑድ ደከመኝ ብላ ጋደም እንዳለች፣ እንዴት ሊቀሰቅሷት ገብተው እንዳጧት። ይህ መልእክቱ ላይ አልነበረም። የማስመስል መስሎኝ ነበር ወደዚያ የሄድኩት። እዚያ ስደርስ የማስመስለው ነገር አላገኘሁም። ሰውነቴ ያኔ ነው የሰማው።

ሲበርድልኝ፣ ሽማግሌዎቹ እየሰሙ፣ አጎቴ እንደ ሥርዓቱ ጠየቁኝ።

«የእናትህን ሞት ማን ነገረህ?»

«እርስዎ፣ አጎቴ።»

«ሁላችሁም ሰማችሁ» አሉ።

ስለዚህ ነይ። የሚጠይቅሽ የለም። የሐዘኑ ጨርቅ ጠረጴዛሽ ላይ ገና ሳይቆረጥ ተቀምጧል፤ በበሩ ክፍተት አይቼዋለሁ። ሴቶቹ ለሌላ ሰፊ እንስጥ እያሉ ነው፤ ቢራጎ ደግሞ ወገብ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት ብላ ይዛቸዋለች። የኔን ልኬት ታውቂዋለሽ። ምናልባት ትከሻው ጠብቦ ይሆናል፤ ድጋሚ ለኪኝ።

ዛሬ ቁጥሬን ከየነጋዴው ዝርዝር አናት ላይ አወጣሁ። የዓሣውንም፣ የጸጉሩንም፣ የመዘምራኑንም። ስልኬ ዝም ብሏል። ያላወጣሁት ያንቺን ብቻ ነው፤ እጄ አልሄደልኝም። ስልክሽን የከፈትሽ ቀን ለማንም ይሁን ስለምንም ይሁን አንድ ነገር ላኪ። ክር ገብቷል በይ። ይደርሰኛል፤ ሳላነብም አላልፈውም።

ደጃፍሽ ላይ የሚጠብቅሽ
ሳርፎ

ቦአዱ መኪናው እስኪሞላለት ቆሟል፤ ይህችን ልጨምር። ከለቅሶው በኋላ አጎቴ የእናቴን ክፍል ከፍተው አሳዩኝ፤ እስከ ቀብሩ ሊቆልፉት። አልጋው ተነጥፏል። ሻሿ ምስማሩ ላይ ነው። ደፉ ላይ ቆሜ ሳለሁ የኔን ስልክ ለለቅሶው አጥፍቼው፣ የእሷ ስልክ መስኮቱ ጋ አንዴ ጮኸ። ሴቶቹ ሁሉ ዞሩ። «ኧረ ማን ነው በዚህ ቀን የሚልክላት?» አለች አክስቴ ዱፊዬ፤ ድምፅዋ ተለውጦ። እናቴ ለምትጠብሰው ዓሣ የማዳም አቺያ ደንበኛ ነበረች። የሐሙስ ቀትሩን መልእክት ሰኞ ዕለት፣ ምንም ሳላውቅ፣ አዘጋጅቼ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ምን እንደሚል ቃል በቃል አውቀዋለሁ፦ ዓሣ ገብቷል፣ ብቅ ይበሉ። አጎቴ መጀመሪያ ስልኩን፣ ከዚያ እኔን አዩ። ከንፈሬ ቃሉን ተከትሎ ሳይንቀሳቀስ አልቀረም። እንዳላዩ ሆነው በሩን ሳቡት፤ ተዘጋ።